ከአራት ሰዓቱ ፈሳሽ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓቱ ክኒን

(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት በዓል ላይ በሕሙማን ጠያቂ ኮሚቴ ስም ካምፓላ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ኮሚቴያችን ሥራ እንድንናገር ሲጠይቁን፣ ስንት ሰው እንደጠየቅንና ስንት ሽልንግ እንደሰበሰብን እንድንዘረዝር የጠበቁ ይመስለናል። እሱ በገንዘብ ያዡ ሪፖርት ውስጥ ተጽፏል፤ ገልብጣችሁ ታዩታላችሁ። እኛ የተሰጠንን ጊዜ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ልናውለው ወደድን። ጉዳዩ በከባድ ሕመም ላይ ያለ ሰው የሚወስደው ማስታገሻ ነው፤ በተለይም በየአራት ሰዓቱ ከሚወሰደው ሞርፊን በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ወደሚወሰደው ስለ መዛወር። ለበዓል የማይሆን ወሬ ነው የሚል ሰው ቢኖር አንቀየምም። ነገር ግን ታማሚ በተኛበት ቤት ሁሉ ስንገባ ያየነው ጭንቀት አንድ ዓይነት ነው፤ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን የመድኃኒቱ ነገር ግራ ያጋባል። መድኃኒቱ ቤት ውስጥ እያለ በፍርሃት የማይሰጥበት ቤት አይተናል፤ ሳይጠየቅ ተቀይሮ አደጋ የደረሰበት ቤትም አይተናል።

አስቀድመን አንድ ነገር እንናገር። እኛ ባለሱቆችና ባለ ምግብ ቤቶች ነን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። የምንነግራችሁ የሆስፒስ ነርሶች በየቤቱ ሲያስረዱ አጠገባቸው ቆመን የሰማነውን፣ ያልገባንን ደጋግመን ጠይቀን የተረዳነውን ነው። መጠን የሚያዝዘው ሐኪሙ ወይም ነርሷ ናት። የኛ ድርሻ የታዘዘው በትክክል እንዲሰጥና ቤተሰቡ ምን መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ መርዳት ነው።

እኛ ካምፓላ የምንኖር ሰዎች በዚህ ነገር ዕድለኞች ነን ብንል ማጋነን አይደለም። ከካባላጋላ ምግብ ቤቶቻችን ተነስቶ በቦዳ ቦዳ ቅርብ በሆነው ማኪንዴ ላይ ሆስፒስ አፍሪካ ዩጋንዳ አለ። ዶክተር አን ሜሪማን የሚባሉ በሊቨርፑል የተወለዱ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1993 ያቋቋሙት ድርጅት ነው። ሴትዮዋ ከዚያ በፊት ሲንጋፖር ሠርተዋል፤ ናይሮቢ ሆስፒስም ውስጥ አገልግለዋል። ይዘውት የመጡት ዘዴ ውስብስብ አይደለም፤ የሞርፊን ዱቄት፣ ውሃ፣ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ነገርና ጉልበቱን የሚለይ ቀለም ነው። ታማሚው መርፌ ሳይወጋ፣ ሆስፒታል ሳይተኛ፣ ቤቱ ሆኖ ይጠጣዋል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ የዩጋንዳ ሕግ በዚህ ሙያ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች ሞርፊን እንዲያዙ ፈቀደ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሐኪም በማይደርስበት ገጠር ነርስ ትደርሳለችና። ፈሳሹም ከመንግሥት ጋር በመተባበር እየተዘጋጀ ለታማሚው በነጻ እንዲደርስ ተደርጓል። አገር ቤት ዘመድ ያስታመመ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንግባ።

የሚጠጣው ፈሳሽ ሞርፊን ፈጥኖ ይሠራል። በግማሽ ሰዓት ገደማ ሕመሙን መያዝ ይጀምራል፤ አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ ይለቅቃል። ስለዚህ በየአራት ሰዓቱ ይሰጣል፤ ሕመሙ ሲመጣ ሳይሆን ከመምጣቱ በፊት። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። "ዛሬ ደህና ናት፣ አልጮኸችም፣ ይለፋት" ይላሉ። ያልጮኸችው መድኃኒቱ ስለሠራ ነው። አንዴ ከተለቀቀ በኋላ ሕመሙን መልሶ መያዝ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ሆስፒሶች የሚያስተምሩት ሰዓት በኛ አቆጣጠር ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከቀትር በኋላ 8፣ ማታ 12፣ ከዚያም ከመኝታ በፊት 4 ሰዓት ነው። የመኝታው መጠን እጥፍ ይሆናል። ይህም ሌሊቱን ታማሚውም አስታማሚውም እንዲተኙ ተብሎ ነው። ይህችን እጥፍ አስታውሷት፤ ኋላ ሒሳብ ስንሠራ ትመጣለች።

በየአራት ሰዓቱ መስጠት በቃል ቀላል ነው። በኑሮ ግን እንዲህ አይደለም። አንዲት እናታችን የጡት ካንሰር ወደ አጥንቷ ተሰራጭቶ ከአገር ቤት ልጇ ዘንድ መጣች። ልጅቷ ምግብ ቤት ትሠራለች፤ ማታ 5 ሰዓት ተኩል ትገባለች፣ ጠዋት ሁለት ልጆች ለትምህርት ቤት ታሰናዳለች። የረፋዱንና የከቀትር በኋላውን መጠን እንዲሰጡ ጎረቤቶች ተመደቡ። ከኛም ኮሚቴ ሰው ተራ ገባ። የካምፓላ መንገድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ከኪኩቡ ሱቅ ዘግቶ በ8 ሰዓት ማኪንዴ ለመድረስ የሚነሳ ሰው በ9 ሰዓት ተኩል ጃም ውስጥ ይገኛል። በዚያች አንድ ሰዓት ተኩል እናታችን አልጋ ትነክሳለች። ይህ የሆነው መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም፤ ጠርሙሱ ራስጌዋ ላይ ነበር። ዓይኗ የደከመ፣ እጇ የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን በሲሪንጅ ለክቶ ራሱ አይጠጣም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነርሷ "አሁን መጠኑ ተረጋግቷል፣ ቀስ ብሎ ወደሚለቀቀው ክኒን እንዛወር" አለች። ያኔ ነው ቤቱ የተደናገጠው። ወንድሟ ከዋሽንግተን ደውሎ "ረጅሙን ክኒን አትስጧት፣ እዚህ አገር ሰው የጨረሰው እሱ ነው" አለ። አንዲት ጎረቤት ደግሞ "ወደ ጠንካራው ካዛወሯት ተስፋ ቆርጠዋል ማለት ነው" ብላ ልጅቷን አስለቀሰቻት። ሁለቱም ለእናታችን በማሰብ ነው የተናገሩት፤ ግን ሁለቱም ነገሩን አላገኙትም።

ክኒኑ ጠንካራ አይደለም። ያው ሞርፊን ነው። በሱቅ ቋንቋ ብናስረዳው ፈሳሹ ችርቻሮ ነው፣ ክኒኑ ጅምላ ነው። በቀን ውስጥ የሚገባው ሸቀጥ ያው ነው፤ የሚለየው የማራገፊያው ሰዓት ነው። ክኒኑ ሲሠራ ሞርፊኑ በጥቂት በጥቂቱ፣ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ እንዲወጣ ተደርጎ ነው። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ብቻ ይወሰዳል።

ለምን ከመጀመሪያው ክኒኑን አይሰጡም ብለን ጠይቀናል። መልሱ ልክ ነው ብለን ተቀበልነው። አንድ ሰው ምን ያህል እንደሚበቃው አስቀድሞ አይታወቅም። ፈሳሹ ቢበዛ በአራት ሰዓት ይወጣል፣ ቢያንስ በማግሥቱ ይጨመራል። ረጅሙ ግን ከገባ በኋላ "ተመለስ" ቢሉት አይመለስም። ስለዚህ በአጭሩ ይለካል፣ ሲረጋጋ በረጅሙ ይያዛል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ከሆነ ደግሞ ሞርፊን ሰውነቱ ውስጥ ስለሚጠራቀም ሐኪሙ ጨርሶ ሌላ መንገድ ሊመርጥ ይችላል። የኩላሊት ችግር ካለ ሳይጠየቁም ተናገሩ።

ሒሳቡን እንሥራው፤ ባለሱቅ ሒሳብ ይወዳል። እናታችን በየአራት ሰዓቱ 10 ሚሊግራም ትወስድ ነበር። በቀን አምስት ጊዜ ነው፤ ግን የመኝታው እጥፍ ስለሆነ የሚቆጠረው ስድስት ነው። ስድስት ጊዜ 10፣ 60 ሚሊግራም። ለሁለት ሲካፈል 30። ስለዚህ ጠዋት 30፣ ማታ 30 ሚሊግራም ያለው ክኒን ታዘዘላት። የመኝታዋን እጥፍ ረስቶ አምስት ብሎ የሚቆጥር ቤተሰብ ለነርሷ 50 ብሎ ይነግራታል፤ እናትየውም የሚጎድልባት ሆና ታድራለች። በመካከል በድንገት ሕመም ሲነሳ ተጨማሪ የተሰጠም ካለ አብሮ ይደመራል። ከመዛወሩ በፊት ባሉት ቀናት ሁለት ጊዜ ተጨማሪ 10 እየወሰደች ቢሆን ኖሮ ድምሩ 80፣ የአንዱ ጊዜ 40 በሆነ ነበር። ስለዚህ ደብተር ያዙ። ሰዓት፣ መጠን፣ "ተጨማሪ" የሚል ምልክት፤ ሌላ አይፈለግም። የዱቤ ደብተር መያዝ የሚችል ሰው ይህን መያዝ ይችላል። ነርሷ ስትመጣ የመጀመሪያ ጥያቄዋ እሱ ነው።

ክኒኑ ሲጀመር ፈሳሹ አይጣልም። ይህን ጮክ ብለን እንድንናገር ነርሷ አደራ ብላናለች። ረጅሙ ክኒን ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ክፍተት ሊኖር ይችላል፤ ሰውነት ውስጥ ተስተካክሎ እስኪቀመጥም ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ገላ ሲታጠቡ፣ ሲያስሉ፣ ከአልጋ ሲነሱ ድንገት የሚነሳ ሕመም አለ። ለዚያ ጊዜ ፈሳሹ ራስጌ ይቀመጣል። መጠኑ ብዙውን ጊዜ የቀኑ ድምር አንድ ስድስተኛ ነው፤ በእናታችን ሁኔታ 10 ሚሊግራም፣ ማለትም የለመደችው መጠን። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እሱን መጠቀም ግድ ከሆነ ክኒኑ አንሷል ማለት ነውና ለነርሷ ይነገራል። በቤተሰብ ምክር ሁለተኛ ክኒን አይጨመርም። ክኒኑ ሲረሳም በሚቀጥለው ሰዓት እጥፍ አይሰጥም።

አንድ ወንድማችን የደረሰበትን እንድንናገር ራሱ ፈቅዶልናል፤ "ሌላ ሰው ቤት አይድገም" ነው ያለው። አባቱ መዋጥ ስላቃታቸው ረጅሙን ክኒን ሰብሮ፣ ፈጭቶ፣ በእርጎ አድርጎ ሰጣቸው። አሳቢ ልጅ የሚያደርገው ነው፤ ሌላውን መድኃኒት ሁሉ እንዲህ ነበር የሚሰጣቸው። ነገር ግን ለአሥራ ሁለት ሰዓት የተመደበው ሞርፊን በአንድ ጊዜ ፈሰሰ። ከሰዓት በኋላ አባታችን ሲጠሩ የማይሰሙ፣ ትንፋሻቸው የተቆራረጠ ሆኑ። ሆስፒታል ደርሰው መፍቻውን መድኃኒት፣ ናሎክሶን የሚባለውን ተሰጣቸው፤ ነቁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሰው ማንቀላፋት ጀመሩ። ናሎክሶን ቶሎ የሚያልፍ ነው፣ ሞርፊኑ ግን ገና ሰውነት ውስጥ አለ። እንደገና እየተሰጣቸው ሌሊቱን እዚያው አደሩ፤ በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ገቡ። ክኒኑ አይሰበርም፣ አይፈጭም፣ አይታኘክም፣ በውሃ አይሟሟም። መዋጥ ያቃተው ሰው ወደ ፈሳሹ ይመለሳል። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፈንታኒል የሚባልም አለ፤ ሦስት ቀን ይቆያል። ነገር ግን ለጀማሪ የሚሆን አይደለም፤ በላዩ ላይ የሞቀ ውሃ ጎማ ወይም ማሞቂያ ከተደረገ በብዛት ስለሚገባ ያንኑ አደጋ ያመጣል።

ስለዚህ ቡና አጠጥተነው ነቃ ብላችሁ አትዘናጉ። ሲጠሩት የማይነቃ፣ ትንፋሹ እጅግ የቀነሰ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ ሰው ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ማሸጊያውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ረጅሙ መሆኑን ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ማሸጊያው ላይ ከስሙ ቀጥሎ ኤስ አር፣ ሲ አር፣ ኤም አር ወይም ኤክስ አር የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉ ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ነው ማለት ነው። ትራማዶልም እንዲሁ ሁለት ዓይነት አለው፤ ፋርማሲው አንዱን በሌላው ተክቶ ከሰጣችሁ ሰዓቱም መጠኑም ይለያያልና ሳትጠይቁ አትውጡ።

የሰዓቱን ነገር ካነሳን አይቀር፣ እኛን ሐበሾችን በተለይ የሚመለከት አለ። ማሸጊያው ላይ 8 ተብሎ ይጻፋል። በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ነው፤ ለኛ ጠዋት 2 ሰዓት። አንድ ቤት ውስጥ አያት በኛው 8 ሰዓት፣ ልጅ ልጅየው ደግሞ በስልኩ 8 ሰዓት ሲሰጡ በስድስት ሰዓት ልዩነት ሁለት ረጅም ክኒን ይገባል ማለት ነው። የሚገርመው ባጋንዳዎችም በቋንቋቸው ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው፤ ነርሷ በሉጋንዳ 2 ስትል የኛው 2 ነው፣ በእንግሊዝኛ 2 ስትል ግን የኛ 8 ነው። መፍትሔው ቁጥሩን ትቶ በሥራ መሰየም ነው። "ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ" እና "የማታ ዜና ሲጀምር"፣ ወይም እያንዳንዱ ቤት በሚመቸው። በኮሚቴያችን ወረቀት ላይ ፀሐይና ጨረቃ ሥለን እንሰጣለን፤ ማንበብ ለማይችሉት ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም ይጠቅማል።

ፈሳሹም ላይ ቢሆን ዓይናችሁ ይሁን። ቀለሙ የጉልበቱ ምልክት ነው። አረንጓዴው ቀላሉ ነው፤ ሮዝማው በተመሳሳይ ልኬት ውስጥ ብዙ ሞርፊን አለው። "አንድ ማንኪያ ነው የምትወስደው" ብሎ ለተረኛው ነግሮ መውጣት አይበቃም፤ ከየትኛው ጠርሙስ የሚለው አብሮ ይነገር። የአንዱ መድኃኒት 10 ሚሊግራም ከሌላው መድኃኒት 10 ሚሊግራም ጋር አይተካከልም፣ አንድ ዶላርና አንድ ሽልንግ ሁለቱም አንድ ስለተባሉ እኩል እንደማይሆኑት። ምንዛሪውን የሚያውቀው ባለሙያው ነው።

ወደ ክኒን ስንዛወር ያልተቀየረ አንድ ነገር ሆድ ድርቀት ነው። ማቅለሽለሹ በጥቂት ቀናት ይተዋል፣ እንቅልፉም ይቀላል፤ ድርቀቱን ግን ሰውነት አይለምደውም። ስለዚህ ሞርፊን ባለበት ቤት ሁሉ የሆድ ማለስለሻ አለ፤ ቢሳኮዲል ወይም ሴና። ሆስፒሶች የደረቀ የፓፓያ ዘር ፈጭቶ መውሰድንም ያስተምራሉ፤ መጠኑን ጠይቁ። እናቶቻችን ይህን ማንሳት ያፍራሉ። አምስት ቀን ሳይወጡ ከርመው "ሆዴን ነፋኝ" ብቻ ይላሉ፤ ለወንድ ልጅማ ጭራሽ አይናገሩም። ሴት ኮሚቴ አባሎቻችን ያተረፉት ሥራ እዚህ ላይ ነው። በነገራችን ላይ የአንዳንዱ ክኒን ቅርፊት ሳይቀልጥ ሲወጣ ሊታይ ይችላል፤ መድኃኒቱ ውስጡ ተለቅቆ ያለቀ ነውና አትደንግጡ።

ዋሽንግተን ያለው ወንድምስ? የተናገረው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኦክሲኮንቲን የሚባል በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ የሚወሰድ ክኒን እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ ወጣ። ሱስ የማስያዝ ዕድሉ ዝቅተኛ ነው እየተባለ ለወገብም ለጉልበትም ሲሸጥ ኖሮ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። ፐርድዩ ፋርማ የተባለው አምራች ስሙ ያለበት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ፐርድዩ ራሱም እ.ኤ.አ. በ2020 በፍርድ ቤት ጥፋተኛነታቸውን አምነዋል። ይህ ሀቅ ነው። ነገር ግን ያ ታሪክ ካንሰር አጥንቷን ለሚበላት እናት ሞርፊን ይከልከል አይልም። ሰውነት መድኃኒት መልመዱና ሱስ አንድ አይደሉም። የለመደ ሰውነት በድንገት ቢቋረጥበት ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ስለዚህ ሲቆም በትንሽ በትንሹ ይቀነሳል። ሱስ ግን ጉዳት እያየ መድኃኒቱን ለሌላ ዓላማ መፈለግ ነው። በነርስ ክትትል፣ በሰዓቱ፣ ለከባድ ሕመም በሚወስድ ታማሚ ላይ ይህ እምብዛም አይታይም። ለወንድሟ ይህን በስልክ ያስረዳችው ራሷ ነርሷ ናት፤ አርባ ደቂቃ ፈጀባት። ከዚያ በኋላ ወንድምየው ደውሎ የሚጠይቀው "ዛሬ ወጣች?" ብቻ ሆነ።

የታሪኩ ሌላኛው ገጽ ለኛ ለባለሱቆች ነው። ጆንያ ስናነሳ የኖርን ሰዎች ወገባችን አልቋል፤ ሐሰት አይደለም። እነዚህን መድኃኒቶች ያየ ሰው "ለኔም ትንሽ ስጡኝ" ሲል ሰምተናል። አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም የሞርፊን ወገን የሆኑ መድኃኒቶች እንዲሰጡ አይመክርም። ለሱ እንቅስቃሴ፣ የአካል ሕክምናና የሐኪም ምርመራ ነው ያለው። ትራማዶልን ከመንገድ ገዝቶ በዋራጊ የሚያወራርድ ወጣትም በመካከላችን አለ፤ ስም አንጠራም። አልኮልና እንቅልፍ መድኃኒት ከነዚህ ጋር ሲገናኙ ትንፋሽ ያቆማሉ።

የጾምና የጸበል ነገርን ፈራ ተባ እያልን ነው የምናነሳው። ጸበል ስትጠመቂ መድኃኒት ተዪ ተብላ ክኒኑን ያቋረጠች እህት ነበረችን። በሁለተኛው ቀን የያዛትን መንቀጥቀጥ ቤተሰቡ ሌላ ነገር ነው ብሎ ተረጎመው። መድኃኒቱ በድንገት ስለቆመ ነበር። ጸበሉም ይቀጥል፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ፤ የደብራችን አባት ይህንኑ በመድረክ ስለተናገሩልን እናመሰግናቸዋለን። ጾምን በተመለከተ ሕሙም እንደማይገደድ የታወቀ ነው፤ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ቢሆኑ ለታመመ ሰው የተሰጠ ፈቃድ አላቸው። የግድ እጾማለሁ ለሚሉ ግን ወደ ረጅሙ ክኒን መዛወር ነገሩን ያቀልላል። እዚህ የምድር ወገብ ላይ ነን፤ በማሳካ መንገድ ካያብዌ ላይ መስመሩን ረግጣችሁ ፎቶ ተነስታችኋል። ቀኑም ሌሊቱም ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ስለሆነ ሱሁርና ኢፍጣር የክኒኑን ሰዓት ይቀርቡታል። ሐኪሙን አማክሮ ማስተካከል ይቻላል። ድንገት ሕመም ቢነሳ ግን ፈሳሹን መጠጣት ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለንም።

ደግሞ ማወቅ ያለብን፣ ረጅሙ ክኒን እንደ ፈሳሹ በነጻና ሁልጊዜ የሚገኝ አይደለም። ከናይሮቢ ወይም ለሕክምና ከሄዱበት ከሕንድ ክኒኑን ይዘው የመጡ ሰዎች እዚህ ሲያልቅባቸው ይጨነቃሉ። ክኒኑ አልቆ ሳይሆን ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ተናገሩ። ወደ ፈሳሹ መመለስ ይቻላል፤ ሒሳቡ የተገላቢጦሽ ነው። የቀኑ ድምር ለስድስት ይካፈላል፣ የመጨረሻው ክኒን ከተወሰደ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ፈሳሹ ይጀመራል፤ የመኝታዋ እጥፍም ትመለሳለች። ድንበር የሚሻገር ሰው መድኃኒቱን ከነማሸጊያው፣ በሐኪሙ ከተፈረመና ማኅተም ካለበት ደብዳቤ ጋር በእጅ ሻንጣው ይያዝ። ወደ አረብ አገር የሚሄድ ደግሞ ከመነሳቱ በፊት የሚሄድበትን አገር ኤምባሲ ይጠይቅ፤ አንዳንዱ ቦታ ቀድሞ የተገኘ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ያለ እሱ መያዝ እስራት ያመጣል። ዘመድ ላኩልኝ ስላለ ብቻ በሰው ሻንጣ የሚላክ ዕቃ አይደለም።

እናታችን ክኒኑን ከጀመረች በኋላ አራት ወር ከሁለት ሳምንት ኖረች። ሕመሙ ሁለት ጊዜ ጨምሮ መጠኑም ሁለት ጊዜ ተስተካከለ። ከዚያ በተረፈ ማታ ማታ ትተኛ ነበር፤ ልጅቷም ተኛች። ፋሲካን በረንዳ ላይ ተቀምጣ ዶሮ ወጡን ራሷ እየቀመሰች "በርበሬው አንሷል" ስትል የሰማን ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለን። በመጨረሻዎቹ ቀናት መዋጥ ሲያቅታት ነርሷ ወደ ፈሳሹ መለሰቻት፤ በጉንጯ በኩል በሲሪንጅ በጥቂቱ ይሰጣት ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ግማሽ የቀረ ጠርሙስና አሥራ አንድ ክኒን በፌስታል ይዛ ሱቃችን መጣች። "ለሌላ ታማሚ ስጡልኝ" አለች። እንዲህ የሚያደርጉ ብዙዎች ናችሁ፤ ቸርነታችሁን እናውቃለን። ግን ከቤት ወደ ቤት አይተላለፍም፤ አንዱ የለመደው መጠን ላልለመደው ሰው የሞት መጠን ነው። መሳቢያ ውስጥም አይቀመጥ፣ ልጆች አሉ። አብረናት ማኪንዴ ሄድን፤ ነርሷ ቆጥራ በመዝገቧ ላይ ጻፈችና ተረከበች። እናንተም የቀረ ካላችሁ በዚያው መንገድ መልሱ፤ ብቻዬን መሄድ ይከብደኛል የሚል ካለ ከኮሚቴው አንድ ሰው አብሮት ይሄዳል።

የመመዝገቢያው ወረቀት በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ፀሐይና ጨረቃ ያለበት። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ አለ። አሁን ጥያቄ ካላችሁ እንቀበላለን፤ ነርሷም ጋብዘናት እዚህ ስላለች እኛ የማንችለውን እሷ ትመልሳለች።